ኮዱ አለ፤ አሲዱ የት ሄደ?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት «የዲጂታል ኬሚስትሪ ቀን» አለን፣ መጥተህ ዘግብልን ብሎ ጋበዘኝ። ስሙን አልጠራም። ስሙን ብጠራ ወሬው ሁሉ ስለ ትምህርት ቤቱ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ማውራት የፈለግሁት ስለ ኬሚስትሪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህራኑ 12 የኪውአር ኮዶችን በወረቀት አትመው በግቢው ውስጥ ለጥፈዋል። አንዱ የላይብረሪው በር ላይ፣ አንዱ የቅርጫት ኳሱ ብረት ላይ፣ አንዱ የጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች አራት አራት ሆነው ይቧደኑና ኮዱን በስልክ ስካን ያደርጋሉ። ስለ አሲድና ቤዝ አንድ ጥያቄ ይወጣል። ጥያቄውን ከመለሱ ቀጣዩ ኮድ የት እንደተለጠፈ የሚጠቁም ፍንጭ ይከፈትላቸዋል፤ ወደዚያ ይሮጣሉ። ቀድሞ የጨረሰ ይሸለማል። በሌላው ቀን ስልክ ይዞ የተገኘ ተማሪ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። በዚያን ቀን ግን አንጀት የሚበላው ስልክ ያልያዘው ነበር።

ሐቁን ልናገር፤ ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል። ኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ላይ እንደዚያ ሲስቁ ያየኋቸው ተማሪዎች በሕይወቴ የሉም። አንደኛ የወጣው ቡድን 20 ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። እንዴት እንደቀደሙ ስጠይቃቸው አልደበቁኝም፤ ጥያቄውን ኮፒ አድርገው ጉግል ላይ እየለጠፉ ነው። ስልኩን የያዘው ልጅ ያነባል፣ ያው ልጅ ይፈልጋል፣ ያው ልጅ ይመልሳል። ሦስቱ ከኋላው ይሮጣሉ። ለሦስቱ የኬሚስትሪ ቀን ሳይሆን የስፖርት ቀን ነበር።

ሰባተኛው ኮድ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ፍንጩ «ሙከራ የሚካሄድበት ቦታ» ይላል። ልጆቹ ተንጋግተው ወደ ቤተ ሙከራው ሄዱ። ኮዱ በሩ ላይ ተለጥፏል። በሩ በትልቅ ጓጉንቸር ተቆልፏል። ስካን አደረጉ፣ «ከሚከተሉት ውስጥ ደካማ አሲድ የቱ ነው?» የሚለውን መለሱ፣ ወደ ስምንተኛው ኮድ ሮጡ። በመስኮቱ ገባ ብዬ አየሁ። አቧራ የጠጣ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የተደረደሩ የተሰበሩ ወንበሮች፣ መደርደሪያ ላይ ጥቂት ጠርሙሶች።

ወደ ኋላ የቀረች አንዲት ልጅ ነበረች። «አሲድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «አዎ ጋሼ፣ ሃይድሮጅን አዮን የሚሰጥ ነገር ነው» አለችኝ። «እሱን አይደለም፤ በዓይንሽ፣ በእጅሽ?» ስልኩን የያዘውን ልጅ ዞር ብላ አየችው። መልሱ እሱ ጋ እንዳለ ሁሉ።

ከዚያ ኬክ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ርእሰ መምህሩ ስለ ዲጂታል ትውልድ ንግግር አደረጉ። ስወጣ «ለትራንስፖርት» የተባለ ፖስታ እጄ ላይ ገባ። አልተቀበልኩም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ተቀብያለሁ። (ፍሪላንሰር መሆን እንዲህ ነው፤ የወር ደመወዝ ያላችሁ አትፍረዱብኝ።) ውስጡ 500 ብር ነበረበት። የሚፈለገውን ዘገባ ግን አልጻፍኩም። በምትኩ ይህን እየጻፍኩ ነው።

ይህን ፊልም አይቼዋለሁ። እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር ሀገር ጉድ ብሎ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት ከሰማይ ወርዶ እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ይገባል ተባለ። እኔ 9ኛ ክፍል የገባሁት በ1998 ነው። መምህራችን ግድግዳው ጥግ እጁን አጣምሮ ይቆማል፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴትዮ በማናውቀው ፍጥነት በእንግሊዝኛ ታወራለች፤ «አሁን ይህን ሥሩ» ትላለች፤ እስክሪብቶ ሳናነሳ «በጣም ጥሩ!» ብላ ታደንቀናለች። መብራት ሲጠፋ እሷም ትጠፋለች፤ ያን ቀን ያ ትምህርት አይደገምም።

ቲትሬሽን የሚባለውን ነገር ያየሁት እዚያ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ከቡሬቱ ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ ፈሳሹ ድንገት ቀለም ይቀይራል። የኛ ክፍል ቴሌቪዥን ቀለሙ ተበላሽቶ ሁሉንም ነገር አረንጓዴ አድርጎ ነበር የሚያሳየው። እናም ፊኖልፍታሊን በቤዝ ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል ብዬ ለዓመታት አምኛለሁ። ሮዝ እንደሚሆን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ያውም ኬሚስትሪ ከሚያጠና የዶርም ጓደኛዬ ጋር ተከራክሬ ተሸንፌ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ፕላዝማው ምን አጠፋ? ስክሪን መሆኑ አይደለም ጥፋቱ። ጥፋቱ ነገሩን ራሱን ተክቶ መግባቱ ነው። «ቤተ ሙከራ የለንም» ስንል «ፕላዝማው ላይ ታያላችሁ» ተባልን፤ ጥያቄው እዚያው ሞተ። አሁን ደግሞ «ቤተ ሙከራው ተቆልፏል» ስንል «ኮዱ በሩ ላይ አለ፣ ስካን አድርጉ» ልንባል ነው። ሃያ ዓመት ተጉዘን ከግድግዳ ስክሪን ወደ እጅ ስክሪን ደረስን። እድገት ነው፤ ይሄኛው ቢያንስ ባትሪ አለው።

ኬሚስትሪ ለምን እንደሚከብድ ከተናገሩት ሁሉ እኔን ያሳመነኝ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው አሌክስ ጆንስቶን ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን በሦስት ማዕዘን አስቀምጦታል። አንዱ ጫፍ በዓይን የምናየው፣ በእጅ የምንነካው ነገር ነው፤ የሚፈላው፣ የሚሸተው፣ ቀለም የሚቀይረው። ሁለተኛው ጫፍ በዓይን የማይታየው ነው፤ አተሙ፣ ሞለኪዩሉ፣ አዮኑ። ሦስተኛው ምልክቱ ነው፤ ፎርሙላው፣ እኩልታው፣ ቀስቱ። ኬሚስት የሆነ ሰው በሦስቱ መካከል ሳያስበው ይመላለሳል። ጀማሪ ተማሪ ላይ ሦስቱን አንድ ጊዜ ስትጭንበት ግን ጭንቅላቱ ይሞላል።

የኛ ሀገር ተማሪ ችግር ከዚህም ይብሳል። ሦስቱ አልተጫኑበትም። ሦስተኛው ብቻ ነው የተሰጠው። የሚያየው ነገር የለውም፤ የማይታየውን ደግሞ በምናቡ ሊስለው የሚነሳበት የሚታይ ነገር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ምልክቱን ይሸመድዳል። ያቺ ልጅ «ሃይድሮጅን አዮን የሚሰጥ ነገር» ስትለኝ አልተሳሳተችም፤ አንድ ጫፍ ብቻ ያለው ሦስት ማዕዘን ነው የሰጡን፣ እሷን ብቻ ሳይሆን እኔንም። 12ቱ ኮዶች ደግሞ ምን ጨመሩላት? 12 ተጨማሪ ምልክት። ኮዱ ራሱ ምልክት ነው፤ ከፍተኸው የምታገኘውም ምልክት ነው። ምልክት ከፍቶ ምልክት ማግኘት።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። ኪውአር ኮድ የተፈጠረው ለዚህ አልነበረም። በ1994 እ.ኤ.አ. ዴንሶ ዌቭ በተባለው የጃፓን ኩባንያ ማሳሂሮ ሃራ የሚባል መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው የመኪና መለዋወጫን ለመቆጣጠር ነው። የድሮው ባርኮድ የሚይዘው መረጃ ትንሽ ስለነበር ሠራተኞቹ አንድ ሳጥን ላይ ብዙ ባርኮድ እያነበቡ ይደክሙ ነበር። ሃራ ጎ የተባለውን የጥቁርና ነጭ ጠጠር ጨዋታ ሰሌዳ አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት ይባላል። ልብ በሉ፤ ኮዱ ከመጀመሪያውም ዕቃ ላይ እንዲለጠፍ የተሠራ ነው። ሠራተኛው ዕቃው በእጁ አለ፤ ኮዱ በእጁ ስላለው ዕቃ ይነግረዋል። ዕቃውን አስቀርተን ኮዱን ግድግዳ ላይ ስንለጥፍ ግማሹን ጥለን ነው የወሰድነው።

ከዚህ በኋላ የምለው «ኮዱ ይቅር» አይደለም። ስልክ የሰይጣን ዕቃ ነው የሚሉ መምህራንና ወላጆች በዚህ ጽሑፍ ደስ እንዳይላቸው። ፍለጋው ራሱ ጥሩ ነገር አለው። ከወንበሩ ተነስቶ የሚራመድ ተማሪ ይነቃል። ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣው ልጅ አራት ሰው መሀል ይናገራል። መምህሩ 60 ፊት ከማየት ይልቅ ቡድን በቡድን እየዞረ ማን ምን እንዳልገባው ይሰማል። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ በ2012 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ ኤለመንት በኪውአር ኮድ አማካይነት በድምፅ የሚነገርበት ፔሪዮዲክ ቴብል ጆርናል ኦፍ ኬሚካል ኤዱኬሽን ላይ ወጥቷል። እኛ ጋ ሻይ ቤቱም ሊስትሮውም በቴሌብር ኮድ በሚቀበልበት ዘመን ተማሪው ኮድ ስካን ማድረግ ዲጂታል አደረገው ብሎ ኬክ መቁረስ ነው አስቂኙ።

ጥያቄው አንድ ነው፤ ኮዱ መጨረሻ ላይ የሚያደርስህ የት ነው? ገጽ ላይ ወይስ ነገር ላይ?

እስቲ ይህን አስቡት። ኮዱ የተለጠፈው ባዶ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ሦስት የፕላስቲክ ኩባያ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ነው። በኩባያዎቹ ውስጥ ያለው ሁሉ ውሃ ይመስላል። አንዱ አቼቶ የተቀላቀለበት፣ አንዱ ቤኪንግ ሶዳ የሟሟበት፣ አንዱ የገበታ ጨው። ከጎኑ የተፈላና የቀዘቀዘ ካርካዴ አለ። ኮዱ የሚለው «በእያንዳንዱ ላይ ካርካዴ ጠብ አድርጉ፤ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያዘነበለው ኩባያ ላይ የተጻፈው ቁጥር ቀጣዩ ጣቢያችሁ ነው» ብቻ ነው። ካርካዴ አንቶሲያኒን የሚባል ቀለም አለው፤ አሲድ ውስጥ ደማቅ ቀይ ነው፣ ቤዝ ውስጥ ይቀየራል። የተሳሳተ ቡድን የተሳሳተ ቦታ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይከራከራል፣ እንደገና ይሞክራል።

ይህን ጥያቄ ጉግል አያውቀውም። መልሱ ኩባያው ውስጥ ነው። ነገ መምህሩ ቁጥሮቹን ቢያቀያይር ትናንት የጨረሰው ክፍል ለዛሬው ክፍል ሹክ ሊለው አይችልም። ስልክ የያዘው ልጅም ንጉሥ መሆኑ ይቀራል፤ አንዱ ያንጠባጥባል፣ አንዱ ያያል፣ አንዱ ይጽፋል።

ሌላ ጣቢያ፤ የእንጀራ ሊጥ በላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ፣ አፉ ላይ ፊኛ የታሰረበት። ማታ የታሰረው ፊኛ ጠዋት ተነፍቶ ይገኛል። ማን ነፋው? እያንዳንዱ ተማሪ ጠዋት በልቶት የመጣው የእንጀራ ዓይን እኮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለፈበት ቀዳዳ ነው። ሌላ ጣቢያ፤ እንዶድ። ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲናጥ አረፋ ይሠራል። ኮዱ እዚህ ላይ ታሪክ ቢናገር ያምርበታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያለው ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። የቢልሃርዝያ ጥገኛ ትል የሚያድግባቸው እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ የተነሳው ምርምር ዓለም ያወቀው ሆነ። አክሊሉ የጀመረው ከወንዝ ዳር ነው፤ ከሚያየው ነገር።

አንድ ጣቢያ ደግሞ ያልተከፈተ የበረኪና ጠርሙስ ብቻ ይቀመጥበት። ማንም አይነካውም። ኮዱ በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር የቀላቀለ ሰው የክሎሪን ጋዝ እንደሚሠራ፣ ያ ጋዝ ሳንባ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያስረዳ። «ሁለቱ ሲቀላቀሉ የበለጠ ያጸዳል» እየተባለ በየቤቱ ይደረጋል። የ10ኛ ክፍል ኬሚስትሪ እናትን ከአደጋ ማትረፍ ከቻለ ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም።

«ገጠር ኢንተርኔት የለም» የምትሉኝ ልክ ናችሁ። ግን ኮድ ሊንክ ብቻ አይደለም የሚይዘው። ጽሑፉን ራሱን ውስጡ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ትልቁ ኪውአር ኮድ 2,953 ባይት ይይዛል። አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ወደ 980 ፊደል ማለት ነው። በተግባር ከ200 ወይም 300 ባይበልጥ ይሻላል፤ ኮዱ ሲጠቀጠቅ ርካሽ ስልክ ማንበብ ይቸግረዋል። ያለ ኔትወርክ፣ ያለ ዳታ ይሠራል። ስልክ ጭራሽ ከሌለስ? መመሪያውን በእጅ ጽፎ ኩባያው ሥር ማስቀመጥ ነው። ምንም አይጎድልም። ኮዱ ተነስቶ ትምህርቱ የማይጎድልበት ፍለጋ ነው ትክክለኛው ፍለጋ። ኬክ የተቆረሰበትን ፍለጋ በዚህ ሚዛን መዝኑት፤ ኮዱ ሲነሳ የሚቀረው ሩጫው ነው።

አሁን ወደ ሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ ስል አንድ ኃላፊ አንብቦት «ይኸው፣ በካርካዴና በአቼቶ ይቻላል፤ ቤተ ሙከራ ለምን?» እንዳይል እፈራለሁ። ካርካዴ ቡሬትን አይተካም። አሲድ መኖሩን ይነግርሃል፤ ስንት እንዳለ አይነግርህም። ኬሚስትሪ ደግሞ «ስንት» ሲባል ነው ኬሚስትሪ የሚሆነው። ኩሽናው በሩን ለማንኳኳት ነው እንጂ በሩ ተቆልፎ እንዲቀር አይደለም።

በሩ ለምን እንደተቆለፈ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኬሚስትሪን የሚጠይቀው በምርጫ ነው። በእጅ የሚሠራ የተግባር ፈተና የለውም። ስለዚህ የቤተ ሙከራውን በር መክፈት ለትምህርት ቤቱ አንድም ነጥብ አያመጣለትም፤ የተሰበረ ብልቃጥ ግን ያስጠይቀዋል። መዝጋት ነው አዋጩ። ጎረቤታችን ኬንያን እዩ። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናቸው ላይ የኬሚስትሪው ሦስተኛ ወረቀት ተግባር ነው፤ ተማሪው ቡሬት ይዞ ይለካል፣ ያልታወቀ ጨው ይሰጠዋል፣ ይመረምራል። እዚያም ሁሉ ነገር ሞልቶ ተርፎ አይደለም። ነገር ግን የሚፈተን ነገር ስለሆነ ትምህርት ቤቱ እንደምንም ብሎ ይገዛል።

እኛ በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ሲሆኑ ደነገጥን። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ኩረጃውን ተከላከልን፣ ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አደረግን፤ ጥሩ ነው። ግን ከመቶ ስምንቱም ቢሆኑ አሲድ የነካ እጅ ስንቶቹ አላቸው? እኔ ያለፍኩ ተማሪ ነበርኩ። ፊኖልፍታሊን አረንጓዴ ነው ብዬ አልፌያለሁ።

ፖስታውን ረሳሁት። 500 ብሩን ይዤ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ካርካዴ፣ አንድ ጠርሙስ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሎሚ፣ ፊኛ፣ የፕላስቲክ ኩባያ። አምስት ኮድ ሠርቼ ማተሚያ ቤት አሳተምኩ፤ መልሱን ጽሑፉ ውስጥ ስላስገባሁት ዳታ አይፈልግም። እህቴ ቤት ሄድኩ። ልጇ በመንግሥት ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍል ናት፤ ሦስት ጓደኞቿን ጠራች። አንድ ስልክ ለአራት።

መጀመሪያ አፍረው ነበር። የካርካዴው ቀለም ሲቀየር ግን አንዷ ጮኸች፣ እህቴ ምን ሆኑ ብላ ከማድ ቤት ሮጣ ወጣች። ከዚያ ፍለጋው ቀረ። ኮዶቹን ትተው ቤት ውስጥ ያገኙትን ሁሉ ኩባያ ውስጥ መጨመር ጀመሩ። የሳሙና ውሃ፣ የአመድ ውሃ፣ እርጎ፣ ለስላሳ። የአመድ ውሃው አረንጓዴ ሲሆን «እንዴ፣ አመድ ቤዝ ነው?» ተባባሉ። መጨረሻ ላይ የእህቴ ልጅ ከአርብ የተረፈ ጠላ አመጣች። ካርካዴ አንጠባጠበችበት። ምንም አልታየም፤ ጠላው ራሱ ጥቁር ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ በምን ይለካል?»

በሊትመስ ወረቀት አልኳት። ወረቀቱን ነክረሽ ታወጪዋለሽ፣ ቀለሙ የሚታየው ወረቀቱ ላይ ስለሆነ የጠላው ጥቁረት ያን ያህል አያስቸግርሽም። የት ይገኛል አለችኝ። ትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ ውስጥ መኖር አለበት አልኳት። አራቱም ተያይተው ሳቁ። ቤተ ሙከራው ከገቡ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም።

«ሰኞ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እጠይቃለሁ» አለች።